የሶላር ፋኖስ በደሴ ጉም ውስጥ

ከደሴ ፒያሳ የገዛሁትን፣ በፀሐይም በሶኬትም ቻርጅ የሚደረግ ፋኖስ የመዘንሁት እንግሊዞች በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለመርከብ መንገድ የሚያሳዩ የባሕር ዳርቻ መብራቶቻቸውን በፈተሹበት ስልት ነው። መብራቶቹን የሚያስተዳድረው ትሪኒቲ ሀውስ እ.ኤ.አ. በ1884 እና 1885 በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ባለው በሳውዝ ፎርላንድ ሦስት ጊዜያዊ ማማዎች አቁሞ፣ በአንዱ ኤሌክትሪክ፣ በሌላው አየር መሰል ጋዝ (ነጭ ጋዝ አይደለም)፣ በሦስተኛው ዘይት እያበራ፣ በጠራ ሌሊትም በጉምም አወዳድሯል። ማይክል ፋራዴይ የድርጅቱ የሳይንስ አማካሪ በነበረበት በ1858 ኤሌክትሪክ እዚያው ተሞክሮ ስለነበር፣ ጥያቄው «ይበራል ወይ?» ሳይሆን «ያዋጣል ወይ?» ነበር።

እኔም አዲሱን ፋኖስ ከማሾና ባለ ክር ከሆነው የድሮ ፋኖስ ጋር በግቢያችን አጥር ላይ ጎን ለጎን ሰቅዬ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲውጠው ከቁልቁለቱ ሥር ሆኜ ተመለከትሁ። (ማሾ እንደ ተራ ነገር አይታይ፤ የሚያበራው ኦስትሪያዊው ካርል አወር በ1885 ባወጣው፣ ሲግል ብርሃን በሚሰጥ ጨርቅ ነው።) ባለ ክሩ ቀድሞ ጠፋ፣ ማሾው ደበዘዘ፣ አዲሱ ግን እስከ መጨረሻው ታየኝ። ይዘውት ሲሄዱ ነገሩ ይለወጣል፦ በሙሉ ኃይሉ ሲበራ ነጩ ብርሃን ከጉሙ ላይ እየተመለሰ ዓይን ስለሚወጋ፣ እግር ሥር ያለው ድንጋይ እንኳ በቅጡ አይለይም፤ ዝቅ ሲያደርጉት ይሻላል።

በሳውዝ ፎርላንድም ጉም ከኤሌክትሪኩ ብርሃን ከሌሎቹ የበለጠ ድርሻ ቢውጥም፣ ከሁሉ አርቆ የታየው እሱው ነበር፤ ሆኖም ፈታኞቹ ወጪውን አስልተው ኤሌክትሪክን ወሳኝ ለሆኑ የባሕር ዳርቻዎች ብቻ፣ ዘይትን ደግሞ ለተለመደው አገልግሎት መረጡ። የእኛ ስሌት ተገላቢጦሽ ነው፤ ነጭ ጋዝ በየጊዜው ይገዛል፣ ፀሐይ ግን አይከፈልባትም። ችግሩ ክረምት ላይ ነው፤ ደሴ ቀኑን ሙሉ ደመና ሲሆን ፓነሉ ባትሪውን አይሞላም፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሶኬቱም አይረዳም። ዝቅ ብሎ ፀሐይ በሚበዛበት በኮምቦልቻ ለሚኖር ይህ ቅሬታ ያን ያህል አይነካውም።

ለቤት ውስጥና ለልጆች ጥናት ያለ ጭስ የሚያበራ በመሆኑ እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ማሾውን ግን ለክረምት አስቀምጡት። ስትገዙ የፓነሉን ገመድ ዘርግታችሁ ለኩ፤ የእኔው ከጣሪያ እስከ መስኮት አልደረሰም።