ዳይክስትራ ወይስ ፍሎይድ-ዋርሻል? የከተሞችን አጭር መንገድ በሲ መፈለግ

ከአዲስ አበባ ወልድያ በደሴ ይሻላል ወይስ በባሕር ዳር ዞሮ? ሹፌር ሳያስብ ይመልሳል። በሲ ቋንቋ ለሚጻፍ ፕሮግራም ግን ከተሞቹን በቁጥር፣ ርቀቱን በሠንጠረዥ መስጠት አለብን።

በ1959 እ.ኤ.አ. የታተመው የዳይክስትራ ስልት (አልጎሪዝም) ከአንድ መነሻ ይጀምራል። ካልተጎበኙት ውስጥ ቅርቡን ከተማ ይመርጣል፣ በእሱ በኩል የጎረቤቶቹን ርቀት ያሻሽላል፣ እንደገና ይመርጣል። መድረሻው ሲመረጥ ሥራው አለቀ። ሂፕ (ትንሹን ቁጥር ቶሎ የሚያወጣ የመረጃ አደረጃጀት) ከተጨመረበት በጣም ይፈጥናል፤ ሲ ግን ዝግጁ ሂፕ ስለሌለው ራሳችሁ ትጽፋላችሁ።

የ1962ቱ የፍሎይድ-ዋርሻል ስልት የሁሉንም ከተሞች ርቀት በአንዴ ያወጣል። ኮዱ ደስ ይላል፤ ዋናው ክፍል አንዱ በሌላው ውስጥ የሆኑ ሦስት ፎር ሉፖች (ትእዛዝን የሚደጋግሙ) ብቻ ነው። በመካከል የሚታለፍበትን ከተማ የሚቆጥረው ሉፕ ግን የግድ ከውጭ ይሁን፤ አለዚያ መልሱ ይበላሻል። ለ500 ከተሞች 125 ሚሊዮን ዙር ነው፣ ለዛሬ ኮምፒውተር ምንም አይደል። ለ10,000 ከተሞች ግን ሠንጠረዡ ብቻውን 400 ሜጋባይት ገደማ ይበላል።

እኔ ለአንድ ተጓዥ ዳይክስትራን፣ ለርቀት ሠንጠረዥ ፍሎይድን እመርጣለሁ። ለጀማሪም መጀመሪያ ፍሎይድን ባስተምር ደስ ይለኛል።

በተለይ በፍሎይድ አንድ ነገር አደራ! መንገድ የሌለበትን ቦታ በኢንት (የሲ ሙሉ ቁጥር ዓይነት) ትልቁ ዋጋ አትሙሉት። ሲደመርበት ከልኩ ያልፍና አብዛኛውን ጊዜ አሉታዊ ይሆናል፤ የሌለው መንገድ አጭር ሆኖ ይመረጣል። 1 ቢሊዮን ይበቃል፤ እጥፉንም ባለ 32 ቢት ኢንት ይችለዋል።