የኢንዲያና ጆንስ ቦርሳና አልባሳት፦ የጥንቱን ዕቃ፣ አዲሱን ቅጂ ወይስ ከቀረጻ የወጣውን መግዛት ይሻላል?

በ1981 ለእይታ የበቃው የመጀመሪያው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋና ገጸ ባሕርይውን ከሩቅ የሚያስለዩ ጥቂት ዕቃዎችን አስታጥቆታል፤ እነርሱም ቡናማ ባርኔጣ፣ የቆዳ ጃኬት፣ የሸራ ቦርሳ፣ ጅራፍና ቦት ጫማ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ለመግዛት የተነሣ ሰው ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይጠብቀዋል። አንዱ ፊልሙን ያልረገጠ፣ ነገር ግን በዓይነቱ ከፊልሙ ዕቃ ጋር አንድ የሆነ የጥንት ዕቃ ነው። ሌላው ዛሬ የሚሠራ ቅጂ ነው። የመጨረሻው ተዋናዩ ወይም ተተኪው በቀረጻ ላይ በእርግጥ የተጠቀመበት ዕቃ ነው። ሻጮች ሦስቱንም «ኦሪጅናል» ስለሚሏቸው ገዢው ግራ ይጋባል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ የፊልሙ የአልባሳት ክፍል ዕቃውን ከየት አገኘው የሚለውን ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ መካከል የተመረጠ፣ ከሱቅ የተገዛና ለፊልሙ ተብሎ የተሰፋ ዕቃ በአንድ ሚዛን አይመዘኑምና።

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቦርሳው ነው። ይህ ቦርሳ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለብሪታንያ ወታደሮች የታደለው «ማርክ 7» የተባለ የጋዝ ጭምብል መያዣ ሲሆን፣ ለፊልሙ የተደረገለት ጉልህ ለውጥ የሸራ ማንገቻው በቆዳ ማንገቻ መተካቱ ነው። ስለዚህ በ1940ዎቹ ተሠርቶ ከጦር መጋዘን የተረፈ ማርክ 7 የገዛ ሰው በእጁ የያዘው የፊልሙን ቦርሳ ወንድም እንጂ ቅጂውን አይደለም። ስለ ባርኔጣውና ስለ ጃኬቱ እንዲህ ለማለት አይቻልም፤ በዚህም ምክንያት ለቦርሳው የጥንቱን ዕቃ ከአዲሱ አስበልጣለሁ።

ችግሩ በዚሁ ስም የሚሸጡ ሌሎች ቦርሳዎች መብዛታቸው ነው። እኔም መጀመሪያ የገዛሁት፣ ሻጩ በፎቶ ላይ ክዳኑን ዘግቶ ያሳየኝ ቦርሳ፣ ሲደርሰኝ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ውስጡን የሚያሳይ ፎቶ ሳልቀበል ገንዘብ አልከፍልም፤ የማርክ 7 ማንነት የሚታወቀው ከውስጡ ነውና። የዚያ ዘመን የብሪታንያ ወታደራዊ ጭምብል ፊት ላይ የሚጠለቀው ክፍል በአንድ በኩል፣ አየር የሚያጣራው ቆርቆሮ በሌላ በኩል ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የተሸበሸበ የጎማ ቱቦ ነበር። ወታደሩ ጭምብሉን ሲያጠልቅ ማጣሪያው ከቦርሳው አይወጣም፤ ቦርሳው ደረቱ ላይ እንደ ታሰረ ቱቦው ብቻ ወደ ፊቱ ይደርሳል። ቦርሳው ሰፋ ብሎ ካሬ የሚመስለውና ውስጡ በጨርቅ ግድግዳ የተከፈለው ለዚህ ነው። በጦርነቱ አጋማሽ የመጣው ቀላል ጭምብል ግን ማጣሪያው ከጉንጩ ላይ በቀጥታ ስለሚጠመዘዝ ቱቦም ሰፊ ቦርሳም አላስፈለገውም። እኔን ያታለለኝ የዚህ ቀላል ጭምብል መያዣ ነበር፤ መጠኑ አነስ ያለ ነው፣ ሲከፈትም ለማጣሪያና ለፊት መሸፈኛ የተለያየ ክፍል የለውም። ከጦርነቱ በኋላ በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የተሠሩ ቦርሳዎችም በርካሽ ይገኛሉ፤ ለመያዝ ክፋት የለባቸውም፣ ነገር ግን በማርክ 7 ዋጋ ሊሸጡ አይገባም።

ቀጥሎ የሚታየው ማህተም ነው። የብሪታንያ መንግሥት ንብረት የሆነ ዕቃ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ይታተምበታል፤ ከቀስቱ ጋር የሞዴሉ ቁጥር በሮማውያን አሃዝ፣ የሠሪው ስምና ዓመቱ ይጻፋል። ለሰማንያ ዓመት የኖረ ቀለም ወደ ሸራው ሰርጎ የደበዘዘ መሆን አለበት፤ ሸራው አርጅቶ ማህተሙ ብቻ ደምቆ ከታየ ገዢው ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። የሸራው ቀለም ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ወታደሮች የሸራ ትጥቃቸውን ብላንኮ በሚባል ቅባት ይቀቡ ስለነበር አንዳንዱ ቦርሳ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሆኖ ይገኛል።

አንዳንድ ሻጭ የፊልሙ ታሪክ በ1936 የሚፈጸም መሆኑን አይቶ ቦርሳውን «የ1936 ሥሪት» ብሎ ያቀርባል። ይህ ስህተት ነው፤ ማርክ 7 የጦርነቱ ዘመን ሥሪት ስለሆነ በፊልሙ ውስጥ ራሱ ከዘመኑ ቀድሞ የገባ ዕቃ ነው። ያ ዓመት ለእኛ 1928 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ጭምብል በሌለው ሠራዊትና ሕዝብ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ያዘነቡበት ዘመን ስለሆነ፣ ይህን ቦርሳ ባነሣሁ ቁጥር የተሠራበት ምክንያት ትዝ ይለኛል።

ቦርሳው ከነጭምብሉ ከቀረበ ባዶውን ይምረጡ። በጦርነቱ ዘመን የብሪታንያ ጭምብሎች ማጣሪያ ውስጥ አስቤስቶስ ስላለ፣ ጭምብሉን ለሙከራ እንኳ ፊት ላይ ማድረግ ወይም ለልጅ መጫወቻ መስጠት አደገኛ ነው። ከተጎዳ ማጣሪያ ጋር ለዓመታት የኖረ ቦርሳም ብናኝ ይዞ ሊሆን ስለሚችል አራግፎ ማጽዳት አይገባም፤ እንዲህ ያለውን ጨርሶ አለመግዛት ይሻላል።

አዲሱ ቅጂ ከጥንቱ የሚበልጥበት ጉዳይ ጥንካሬው ነው። ያረጀ ጥጥ ክብደት ሲበዛበት በመጀመሪያ የሚለቀው ማንገቻው ከጎን የተሰፋበት ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ መጽሐፍና ውኃ ይዞ የሚወጣ ሰው ቅጂውን ቢገዛ አይቆጭም። ጥሩውን ቅጂ የሚለየው ውስጡ እንደ ጥንቱ የተከፈለ መሆኑና ክዳኑ ተጭነው በሚዘጉ የብረት ቁልፎች መያዙ ነው፤ ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ብቻ ይመስላል፣ ውስጡ አንድ ባዶ ኪስ ነው።

ወደ ባርኔጣው ስንመጣ ምርጫው ይገለበጣል። የመጀመሪያው ፊልም ባርኔጣ የለንደኑ ኸርበርት ጆንሰን «ፖየት» ከተባለው ሞዴሉ ለፊልሙ አስተካክሎ ያቀረበው ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሌላ ሰው የ1930ዎቹ ባርኔጣ ምንም ያህል ቢያምር የዚህ ወንድም አይሆንም። እዚህ ላይ አዲስ መግዛት ይሻላል፣ ዋናው ጥያቄም የጨርቁ ዓይነት ነው። ከጥንቸል ወይም ከቢቨር ፀጉር የተጠቀጠቀ ባርኔጣ ዝናብ ቢመታው ቅርጹን ይዞ ይደርቃል፤ በበዓል ማስዋቢያ ሱቆች የሚሸጠው የበግ ሱፍ ግን ጫፉ ይወላገዳል። ዋጋው ብዙ እጥፍ ቢለያይም ለሚለብሰው ሰው ልዩነቱ ተገቢ ነው።

ጃኬቱ ለፊልም የተሰፋ በመሆኑ ያለው ምርጫ ቅጂ ብቻ ነው፤ የየፊልሙ ጃኬት በስፌትም በቆዳም ስለሚለያይ ገዢው አስቀድሞ የትኛውን ፊልም እንደሚፈልግ ይወስን። ጫማው ከሁሉ ይቀላል፤ አልደን የተባለው የማሳቹሴትስ ጫማ ሠሪ 405 የሚለውን ሞዴል ዛሬም ይሠራል። ጅራፉን ዴቪድ ሞርጋን ከካንጋሩ ቆዳ ጎንጉኖ የሠራው ነው። በቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው እንደሚያውቀው ድምፁ የሚወጣው ከጫፉ ነው፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካልሆነ በቀር አጎነጓኑ የላላ ርካሽ ጅራፍ አይጠቅምም።

ከቀረጻ የወጣ ዕቃ ሌላ ዓለም ነው። በነሐሴ 2024 በሎስ አንጀለስ በተካሄደ ጨረታ የሁለተኛው ፊልም አንድ ባርኔጣ በ630,000 ዶላር ተሸጧል። በዚህ ደረጃ የሚገዛው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ታሪኩም ስለሆነ፣ ከስቱዲዮው ጀምሮ እስከ ሻጩ ድረስ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ያልተቋረጠ ሰነድ ያስፈልጋል። ከዚያም እድፉ፣ ጭረቱና የስፌቱ መዛባት በፊልሙ ምስል ላይ ከሚታየው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራል። ለአንድ ትዕይንት ብዙ ተመሳሳይ ዕቃ ስለሚዘጋጅ፣ «ለፊልሙ የተሠራ» እና «በፊልሙ ላይ የታየ» የሚሉት ቃላት በዋጋም በትርጉምም ይራራቃሉ። ሻጩ ራሱ ያተመው የምስክር ወረቀት ከሁለቱ አንዱንም አያረጋግጥም።

ማርክ 7 ገዝቶ የቆዳ ማንገቻ ሊያስገባለት ላሰበ ሰው አንድ ልመና አለኝ። ሙሉ ማንገቻውና ማህተሙ ያለውን ቦርሳ አይቁረጡ፤ ማንገቻው ቀድሞ የተበጠሰበትን ይፈልጉ። በዋጋም ይረክሳል፣ የፊልሙን መልክ ለመያዝም ምንም አያጎድልበትም፤ ሙሉው ግን ከተቆረጠ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም።