ፍሬሙ ጥሩ፣ መስታወቱ መጥፎ፦ ጅማ የሚሸጠው የቬኒስ «ኢቺንግ»

ጅማ ላይ ከበርጩማው ጎን በዋንዛ ፍሬም ተሰቅለው የሚሸጡት የቬኒስ ጀልባዎች ምስሎች «ኦሪጅናል ኢቺንግ» (በአሲድ ከተበላ የመዳብ ሳህን የታተመ ምስል) ይባላሉ። አይደሉም፤ የማተሚያ ቤት ቅጂ ናቸው። ቢሆንም ምስሉ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጄምስ ዊስለር ስለሆነ ቅጂውም ይታያል። ዊስለር በ1879 እ.ኤ.አ. ቬኒስ የሄደው የለንደኑ የሥዕል ነጋዴ ድርጅት ፋይን አርት ሶሳይቲ 12 ምስል አዝዞት ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ 50 ያህል የመዳብ ሳህን ሠራ።

አሠራሩን ያወቀ ምስሉን በሌላ ዓይን ያየዋል። መዳቡ በሰምና በሬንጅ ይቀባል፣ በመርፌ ይጫራል፣ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ የሚበላው የተጫረውን ብቻ ነው። ብዙ የቆየው መስመር ስለሚጠልቅ ብዙ ቀለም ይይዛል። ስለዚህ የሩቁ ሕንፃ አሲድ በማያስገባ ቫርኒሽ ቶሎ ይሸፈናል፤ የቅርቧ ጀልባ ወደ አሲዱ ትመለሳለች። ውሃው ላይ ግን መስመር የለም ማለት ይቻላል፤ የጅማውን አዌቱ ወንዝ ሲመሽ ከድልድይ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ዊስለር ቀለም የተቀባውን ሳህን ከማተሙ በፊት ሲወለውል ስስ የቀለም ሽፋን ይተዋል፤ የቦዩ ውሃ እሱ ነው። ቅጂው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው፤ ሽፋኑ ግራጫ ነጠብጣብ ሆኗል።

መለያውም ይኸው ነው፤ በማጉያ መነጽር ነጠብጣብ ከታየ ቅጂ ነው። በእውነተኛው ላይ መስመሩ ያልተቆራረጠ ነው፣ ቀለሙም ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ሲታተም ወረቀቱ ላይ የሚቀረውን የሳህኑን ጠርዝ አሻራ መፈለግ ለዊስለር ብዙም አይረዳም፤ ብዙውን ጊዜ ኅዳጉን እስከ ጠርዙ ይቆርጠው ነበር። ሕንፃዎቹ ግራና ቀኝ ተገልብጠው ቢታዩ ደግሞ የማተሚያ ስህተት አይደለም፤ ያየውን በቀጥታ ሳህኑ ላይ ስለሚስል ህትመቱ ይገለበጣል።

ፍሬሙ እንከን የለውም፤ ማዕዘኑ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ ጥብቅ ብሎ ገጥሟል። ጥፋቱ መስታወቱ ወረቀቱ ላይ መተኛቱ ነው። በጅማ ዝናብ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ወረቀቱ ከመስታወቱ ይጣበቃል፣ ቡናማ ነጥብም ያወጣል። ከመግዛትዎ በፊት በምስሉ ዙሪያ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አሲድ የሌለበት ካርቶን እንዲገባና ወረቀቱን ከመስታወቱ እንዲያርቅ ያስደርጉ። ወረቀቱ ከላይ ብቻ ይያዝ፤ አራቱም ጎን በፕላስተር ከታሰረ እርጥበት ሲጠጣ ይጨማደዳል። ዋጋውን በፍሬሙ ልክ ይከራከሩ፤ ለ«ኦሪጅናል» የተጨመረውን አይክፈሉ።