ማስጠንቀቂያ፦ «ደንበኛችን ነዎት» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር

ሐሙስ ዕለት የቤት ግዢ ውል ፈረምኩ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እስካሁን እህል አልዋጥልሽ ብሎኛል። ጽሁፉ ከተዘበራረቀ ታገሱኝ። እስክረጋጋ ብቆይ ራሴን እየሸነገልኩ እንደምጽፈው ስለማውቅ ንዴቴ ሳይበርድ ልጨርሰው።

ሰውዬውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመኪና በር የሚከፍት፣ ቦርሳ የሚቀበል፣ ስም በአንድ ጊዜ የሚይዝ። «ይህ ቤት ለእናንተ አይሆንም፤ ገንዘባችሁን አላስበላም» እያለ ሁለት መጥፎ ቤት አጣጥሎ እምነት የሚሸምት። «ደላላ» ሲሉት ቅር ይለዋል፤ ካርዱ ላይ «የቤት ሽያጭ አማካሪ» ይላል። የማን አማካሪ እንደሆነ ካርዱ አይናገርም። የእኛው ስድስት ቤት አሳየን፤ ሦስቱን ራሱ ናቀልን። «ይህ ልጅ የራሳችን ሰው ነው» ብዬ ለባለቤቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ዝም አለ። እርሱ ዝም ሲል መጠርጠር ነበረብኝ።

ጉዱ የተፈጸመው መኪና ውስጥ ነው። ባለቤቴ ስድስተኛው ቤት ውስጥ መኝታ ክፍሉን በሜትር ይለካል፤ እናቴን የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ እኔና ልጁ ከፊት ተቀምጠናል። «እህቴ፣ እውነቱን ካላወቅሁ ልረዳሽ አልችልም። እንደ ወንድምሽ ቁጠሪኝ» አለኝ። ቆጠርኩት። ሁሉንም ዘረገፍኩለት፦ ባንኩ የፈቀደልንን ብድር፣ ከቁጠባችን የምንጨምረውን፣ የተከራየንበት ቤት ውል በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅ፣ እናቴ በጉልበቷ ምክንያት ደረጃ መውጣት ስላቆመች ምድር ላይ ያለ ቤት ካልሆነ እንደማንገዛ። የመጨረሻ ጣሪያችንንም ነገርኩት። ጣሪያው እንደ ነገሩ የተጠጋጋ ቁጥር አልነበረም፤ ባለቤቴ በእርሳስ ደምሮ ያገኘው፣ ጭራው የተንዛዛ ቁጥር ነው። ጭራውን ሳላስቀር ነገርኩት። «ከዝቅተኛው ጀምርልን፤ እዚያ የምንደርሰው ሌላ መንገድ ከጠፋ ነው» አልኩት። «ለእኔ ተይው» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ቢሯቸው ተቀጣጠርን። ሻጯ በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋ ሴት ናቸው። ገና ወንበር ሳልስብ እጄን ያዙና «ልጄ፣ እናትሽ እንዴት ሆኑ? ጉልበታቸው ተሻላቸው?» አሉኝ።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናት» ብዬ መለስኩ።

መለስኩ! ቂልነቴ ይህን ያህል ነው። ሰው ስለ እናቴ ሲጠይቀኝ ማመስገን ስለለመድኩ አመሰገንኩ። ልቀመጥ ጎንበስ ስል ነው ነገሩ የገባኝ። እኚህን ሴት ከዚያ ቀን በፊት በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ቤቱን ያየነው እርሳቸው በሌሉበት ነው። ስለ እናቴ ጉልበት ማን ነገራቸው? ልጁን ቀና ብዬ አየሁት። የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም።

ሴትዮዋ ክፋት የለባቸውም፤ የጠየቁት ከልባቸው ነው። በዚያው ለዛ «ደረጃ የሌለው ቤት እንደ ልብ አይገኝም፤ ቀኑም አጥሮባችኋል አሉ» ብለው ዋጋቸው የተጻፈበትን ወረቀት ወደ እኛ ገፋ አደረጉት። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። የእኛው ጣሪያ ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ በእርሳስ የደመረው ቁጥር፣ ከነጭራው፣ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ባለቤቴ ወረቀቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁ እስክሪብቶውን ክዳኑን አውልቆ በእኔ በኩል አስቀመጠልኝ።

ፈረምኩ። እዚህ ላይ መሳደብ የምትፈልጉ ተሳደቡ፤ እኔም ራሴን ስሰድብ ነው የሰነበትኩት። የኪራይ ውላችን ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ እናቴን ይዤ የት እሄዳለሁ ብዬ ፈረምኩ። ይህን እንደማስብ ደግሞ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የማያውቅ አልነበረም።

አርብ ጠዋት ብቻዬን ቢሮው ሄድኩ። ኃላፊው «ይቀመጡ» አላለኝም። ሳያቋርጥ ሰማኝና ከማኅደር አንድ ገጽ መዝዞ ወደ እኔ አዞረው። «ፊርማው የእርስዎ ነው?» የእኔ ነው። የመጀመሪያው ቀን የመኪናው ኮፈን ላይ ተደግፌ የፈረምኩት ነው። ልጁ «ቤት ከማሳየቴ በፊት የሚሞላ ተራ ፎርም ነው» ብሎ የምፈርምበትን ቦታ ምልክት አድርጎልኝ ነበር። «የወኪልነት ግንኙነት ማሳወቂያ» ይላል። ሦስት ሳጥኖች አሉት፦ የሻጭ ወኪል፣ የገዢ ወኪል፣ የሁለቱም ወኪል። ምልክቱ ያረፈው የመጀመሪያው ላይ ነው። የእኔ ቅጂ ሁለት ወር ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጀርባው ላይ የገበያ ዝርዝር ጽፌበታለሁ።

«መቼም ማንበብ ይችላሉ» አለኝ።

«ሁለት ወር ሙሉ ደንበኛችን እያላችሁ ስትጠሩኝ አልነበረም?»

«አሁንም ደንበኛችን ነዎት» አለ ፈገግ ብሎ። «ወካያችን ግን አይደሉም። ወካያችን ሻጯ ናቸው። ታማኝነታችን ለእርሳቸው ነው፤ ለእርስዎ ያለብን አለመዋሸት ነው። ዋሽተንዎታል?»

ቆሜ አሰብኩ። አልዋሹኝም። «እንደ ወንድምሽ ቁጠሪኝ» ብሎ መለመን ውሸት አይባልም፤ ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። «ኮሚሽናችሁስ ከእኔ ገንዘብ አይደለም ወይ የሚወጣው?» አልኩት፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው። «ኮሚሽኑን ማን ከፈለ የሚለው የማን ወኪል እንደሆንን አይወስንም» አለኝና ስልኩን አነሳ። በቃ፣ ሂጂ ማለቱ ነው።

ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ፤ ከፈተናው በኋላ እንደሚያጠና ተማሪ። ወኪል ለወካዩ ታማኝ መሆን፣ ሕጋዊ ትእዛዙን መፈጸም፣ ምስጢሩን መጠበቅ፣ በእጁ የገባውን ገንዘብ ሒሳብ ማቅረብ፣ በጥንቃቄ መሥራት አለበት። ይህን አውቀዋለሁ፤ አንጀቴን የቆረጠው ቀጣዩ ነው። ወኪል ስለ ጉዳዩ የሰማውን፣ ለወካዩ የሚጠቅመውን ሁሉ ማሳወቅም ግዴታው ነው። ከሌላው ወገን አፍ የሰማውን ጨምሮ። ስለዚህ ያ ልጅ የእናቴን ጉልበት ለሻጯ ሲነግር ግዴታውን አልጣሰም። ሥራውን ነው የሠራው። ዝም ቢልልኝ ኖሮ ነበር አጥፊ የሚባለው። ገዢ ሆኖ ለሚመጣው ያለበት በሐቅ መነጋገርና እንደ ውስጡ እንደበሰበሰ ጣሪያ ያለ፣ እርሱ የሚያውቀውን ድብቅ ጉድለት አለመሸሸግ ነው። ስለ ጣሪያው አልዋሸኝም። የቤቱን ጣሪያ ማለቴ ነው፤ የእኔን ጣሪያማ ሸጠው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የአዲሱ ቤት ጎረቤት ያልጠየቅኋትን ነገረችኝ። ሻጯ ሰባት ወር ገዢ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ወደ ልጆቻቸው ለመሄድ ቸኩለዋል፤ ከእኛ በፊት ለመጣ ሰው ብዙ ዝቅ ሊያደርጉለት ተስማምተው ብድሩ ሳይፈቀድለት ቀርቷል። ልጁ ይህን ሁሉ ያውቃል። የእርሳቸውን ችኮላ ከእኔ ደበቀ፣ የእኔን ችኮላ ለእርሳቸው አደረሰ። በዚያች ወረቀት መሠረት ሁለቱም ትክክል ነው።

እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ማንበቤ ትንሽ አጽናንቶኛል። የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጥናት ከመቶ ገዢዎች ከ70 የሚበልጡት ቤት የሚያሳያቸውን አሻሻጭ የራሳቸው ወኪል አድርገው ያስቡ ነበር፤ በጊዜው በነበረው አሠራር ግን በአብዛኛው የሻጭ ንዑስ ወኪል፣ ማለትም በሻጩ ወኪል ሥር ሆኖ ለሻጩ የሚሠራ ነበር። ሦስተኛው ሳጥን ላይ ቢፈርሙም ያው ነው። የሁለቱም ወኪል የሆነ ሰው ምስጢር መጠበቅ ቢኖርበትም ለአንዳቸው ሊከራከር አይችልም። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2018 ጀምሮ ከልክላዋለች።

ሻጮች፣ እናንተም አትሳቁ። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በቺካጎ አካባቢ ወደ 100,000 የሚጠጉ የቤት ሽያጮችን መርምረው በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። አሻሻጮች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ቤት ይልቅ አሥር ቀን ገደማ አቆይተው በ3.7 በመቶ ብልጫ ይሸጡታል። የእናንተን ቶሎ ያስጨርሷችኋል፤ ዋጋው ትንሽ ቢጨምር ለእነርሱ ኪስ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነውና።

አንድ የሕግ ባለሙያ ዘመዴን ደውዬ ጠየቅሁት። ውክልና በወረቀት ብቻ እንደማይፈጠር፣ ሰው በቃሉና በአድራጎቱም የሌላው ወኪል ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል ነገረኝ። «ለእኔ ተይው» ማለቱ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል አለኝ። ቀጥሎ «ሲልሽ የሰማ ምስክር አለ?» ሲል ጠየቀኝ። እናቴ ነበረች። ተኝታ።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፦ ስማችሁን ከመናገራችሁ በፊት «የማን ወኪል ነህ?» በሉት፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የእናንተ ወኪል መሆኑን የሚገልጽ ውል እስካልተፈረመ ድረስ ጣሪያችሁን፣ ቀናችሁን፣ የቤተሰባችሁን ችግር ሻጩ ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚሰማ ቆጥራችሁ ተናገሩ። ፎርሙን መኪና ኮፈን ላይ አትፈርሙ።

እናቴ አሁን ከጎኔ ሆና የወጥ ቤት ዕቃ በጋዜጣ እየጠቀለለች ነው። አልነገርናትም። «ያ ልጅ ይባረክ፤ ስለ ጉልበቴ አስቦ ደረጃ የሌለው ቤት አገኘልን» ትላለች በየመሀሉ። ገብተን ስንደላደል እንድጠራውም አዝዛኛለች።