በአሜሪካ ውስጥ ዕቃ በትዕዛዝ ለማሠራት፦ ዞሜትሪ፣ ፕሮቶላብስ ወይስ ቶማስ?

በራሱ ንድፍ የብረት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ በአሜሪካ ማሠራት የሚፈልግ ሰው የሚያገኛቸው ሦስት መንገዶች ላይ ላዩን ቢመሳሰሉም፣ ውሉ የሚፈረመው ከማን ጋር ነው ሲባል ግን በጣም ይለያያሉ።

ራንዲ አልትሹለርና ሎረንስ ዙሪፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ሜሪላንድ ውስጥ የመሠረቱት ዞሜትሪ በየግዛቱ የተበታተኑ ወርክሾፖችን ከገዢ ጋር ያገናኛል። ማገናኘት ሲባል ግን እንደ ደላላ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ ዞር ማለት አይደለም። ገዢው የካድ ፋይሉን (በኮምፒውተር የተሳለውን ንድፍ) ሲያስገባ ሶፍትዌሩ ዋጋውን ወዲያው ያሳየዋል፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ኩባንያው ሲሆን፣ ሥራውን ባነሰ ዋጋ ለአንድ ወርክሾፕ ሰጥቶ ልዩነቱን ያስቀራል። ስለዚህ ዕቃው ተበላሽቶ ቢመጣ ተጠያቂውን መፈለግ አያስፈልግም፤ በአንጻሩ ገዢው ዕቃውን የሠራለትን ባለሙያ ብዙውን ጊዜ አያውቀውም።

ላሪ ሉኪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ሚኒሶታ ውስጥ የጀመረው ፕሮቶላብስ የራሱ ፋብሪካና ማሽን ስላለው በተለይ ለናሙናና በሻጋታ ለሚወጣ ፕላስቲክ ፈጣን ነው። በ2021 ሀብስ የተባለውን ኩባንያ ከገዛ ወዲህ ግን ለሌሎች አምራቾችም ሥራ ስለሚያስተላልፍ፣ ዕቃው በራሱ ፋብሪካ ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቶማስ በ1898 በመጽሐፍ መልክ የተጀመረ የአምራቾች መዝገብ ሲሆን፣ ዛሬ ገዢዎች በድረ ገጹ በነፃ ይፈልጉበታል። እዚህ ሁሉም ነገር በገዢው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ አምራቹን መርጦ፣ ደውሎ፣ ፕሮፎርማ ጠይቆ፣ መልሱን ቀናት ሊጠብቅ ይችላል። (መዝገቡን በ2021 መጨረሻ የገዛው ራሱ ዞሜትሪ ነው፤ መካከለኛውን ለመዝለል የሚረዳው መንገድም በመካከለኛው እጅ ገብቷል ማለት ነው።)

ልዩነቱ በአንድ ዕቃ ላይ ይታያል። ከአሉሚኒየም የሚፈለፈል ሳጥን የውስጥ ማዕዘኖቹ ፍጹም ሹል ሆነው ቢሳሉ፣ የሚፈለፍለው መሣሪያ ክብ ስለሆነ እንደተሳለው ሊያወጣቸው አይችልም። ሶፍትዌሩ ይህን ዓይነቱን ችግር ሊጠቁም ይችላል፤ ልምድ ያለው የወርክሾፕ ባለቤት ግን የማዕዘኑን ክብነት ትንሽ ሰፋ አድርገው፣ ትልቅ መሣሪያ እንጠቀማለን፣ ዋጋውም ይቀንስልሃል ይላል። የቡሎን ጥርስም እንዲሁ ነው፤ በሦስት ገጽታ ፋይሉ ላይ ቀዳዳው ብቻ ሊታይ ስለሚችል፣ የጥርሱ መጠን የተጻፈበት ሥዕል አብሮ መላክ አለበት።

ንድፉ ያለቀለትና ጥቂት ፍሬ ብቻ የሚፈልግ ገዢ፣ ጭማሪ ቢከፍልም ዞሜትሪ ወይም ፕሮቶላብስ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ያንኑ ዕቃ በየወሩ የሚያሠራ ሰው ግን የመካከለኛውን ድርሻ ለዘለቄታው የሚከፍልበት ምክንያት ስለማይታየኝ፣ በቶማስ በኩል በአቅራቢያው አንድ ወርክሾፕ ፈልጎ ቢወዳጅ ይበጀዋል።

የአገር ውስጥ ምርት የግድ የሚፈልግ ገዢ ዞሜትሪ ላይ የአሜሪካን ምርት የሚለውን አማራጭ ራሱ ማረጋገጥ አለበት፤ ረከስ ያለው ዋጋ ከውጭ አገር ለሚመጣ ዕቃ ሊሆን ይችላልና። የብረቱን ዓይነት የሚያረጋግጥ ሰነድ ካስፈለገም በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከማዘዙ በፊት ይጠየቅ፤ ዕቃው ከተሠራ በኋላ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው።