ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ እግሩ ያበጠ ዘመድ ካላችሁ እነዚህን ባልና ሚስት ፈልጉ

እምየ ዛሬ ጫማ አድርጋ ገበያ ወጣች። ዝሆኔ የያዘው ሰው ቤቱ ያለ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ቦታ መርፌ በመርፌ ላይ ወጓት፤ የቀነሰው ብራችን እንጂ እብጠቱ አይደለም። ሌላው ገና ከበር አፍንጫውን ይዞ «እዚያው ሆነሽ ንገሪኝ» አላት። ይህን እስክሞት አልረሳውም! አንዱ ደግሞ ድግምት ነው ብሎ በግ አሳርዶን ሄደ። ስማቸውን አልጠራም፣ ለእግዜር ሰጥቻለሁ። ከሁሉ የባሰው የሰፈር አፍ ነው። «ዘራቸው ውስጥ አለ» ተብሎ የታናሽ እህቴ ጋብቻ ፈርሷል፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ጠላ ተጠንስሶ።

በኋላ አንዲት የደብረ ኤልያስ ሴትዮ ናቸው የጠቆሙን። ባልና ሚስቱ ጡረተኞች ናቸው። ባልየው የድሮ ድሬሰር፣ ማለት ቁስል የሚያክሙ የጤና ረዳት ናቸው፤ ሁለቱም ደምቢ ዶሎ፣ አሜሪካን ሚሲዮን አጠገብ ነው ያደጉት። መንግሥት ጎጃም መደባቸው፣ እዚሁ ቀሩ። የቤቴል መካነ ኢየሱስ ሰዎች ናቸው፣ ከፕሮቴስታንቱ ፕሬስቢቴሪያን ከሚባሉት ወገን። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቤተ ክርስቲያናቸውን ያገለገሉት አንድ ላይ ነው። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ዶክተር ላምቢ ከኅዳር በሽታ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ከሱዳን ተሻግሮ ሰዮ፣ የዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ እንዴት እንደገባ፣ በጣሊያን ጊዜ ሚሲዮኖቹ ሲባረሩ ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ምእመኑን እንዴት እንዳጽናኑ ሲያጫውቱ ትናንት የሆነ ይመስላል።

«ሃይማኖቷን ሊያስለውጧት ነው» ያለን ሰው ብዙ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

እትዬ በርጩማ ስበው ተቀመጡና የእምየን እግር አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ጨርቁ ሲፈታ ሽታው ቤቱን ሞላው። እኔ ልጇ ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ። እሳቸው ግን «ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው?» እያሉ በሳሙና ያጥባሉ፤ በጣቶቿ መሃል ያለውን ሁሉ ቀስ እያሉ እየፈለቀቁ ያደርቃሉ። እምየ አለቀሰች። ደንግጠው «አመመዎት?» ሲሏት «ኧረ የለም፣ ሰው እግሬን ከነካው ስንት ዘመኑ» አለች።

ዕለቱ ሮብ ነበር። እንደምትጾም ማንም አልነገራቸውም፤ ቡናው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ከሽምብራ ቆሎ ጋር ቀረበ። ድሬሰሩ «እንጸልይልዎ?» ቢሏት «ጸሎት ምን ይከፋል፣ እኔም በጎን አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ» አለቻቸው። ሳቃቸው ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ማተቧ እስካሁን አንገቷ ላይ ነው።

ስለ በሽታው ካስረዱኝ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ፣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ዘመን ከመዋል የሚመጣ መሆኑና ከሰው ወደ ሰው አለመተላለፉ ነው። አይተላለፍም! ይህን አማቾቻችን ሊሆኑ ለነበሩት ሰዎች አንብቡልኝ። መድኃኒቱም መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ጫማ ነው። ጫማውን ድሬሰሩ ራሳቸው ለክተው በሰፊው ያሰፉላችኋል። እግሯ እንደ ልጅነቷ አይሆንም፤ እሱን ከመጀመሪያው ሳይሸነግሉ ነግረዋታል። ያ እያንቀጠቀጠ የሚጥላት ትኩሳት ግን ቀርቷል፣ ሽታውም ጠፍቷል።

እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ስማችንን አትጻፍ ብለው ለምነውኛል፣ ሰው እንዳይቸገር ግን ይህን ጻፍኩ። እባካችሁ ውሰዷቸው፤ እናት፣ አባት፣ አክስት፣ ቤት ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ ካለ አውጡት። ገንዘብ ብትሰጧቸው ይቆጣሉ፤ ሳሙናና ለፋሻ የሚሆን ንጹህ አሮጌ አንሶላ ያዙላቸው። የባጃጅ ልጆች «የዝሆኔው ድሬሰር ቤት» ካላችኋቸው ያደርሷችኋል። እሁድ ጠዋት ብቻ አትሂዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።