ዴቢያን 12 በፒያሳ የጽሕፈት ሱቅ

ጎንደር ፒያሳ በምንሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን በሚያሠራው ነጻ የሊኑክስ ሥርዓት፣ በዴቢያን 12 ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ በትንሽ ብር የሚጭን ሰው በየመንገዱ ስለማይጠፋ፣ ነጻ መሆኑ ብቻውን ለመቀየር በቂ ምክንያት አልሆነልንም፤ ያስቀየረን የደንበኞች ፍላሽ ነው። ከማራኪ ካምፓስ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የመጣ ተማሪ ፍላሹን ሲሰካ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይታያሉ፤ ለዊንዶውስ የተሠራው ቫይረስ ግን እዚህ አይነሣም፣ ዊንዶውስ ላይ የተደበቀው ጽሑፍም እዚህ እንዳለ ይታያል።

አማርኛ መጻፍ አያስቸግርም። ኒያላ በሚባለው የዊንዶውስ ፎንት የተዘጋጀ ሰነድ የወርድን ሥራ በሚሠራልን ሊብሬኦፊስ ሲከፈት ግን ፎንቱ ስለሌለ ገጾቹ ይዛባሉ፣ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈውም ፎንቱ ካልተጫነ በላቲን ፊደልና በምልክት ይሞላል። ጥድፊያ ላይ ላለ ደንበኛ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

የዴቢያን ጠባይ በደንብ የሚገባው ግን ውሳኔ እንዴት እንደሚያልፍበት ሲታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ይህ ፕሮጀክት ባለቤት ኩባንያ የለውም፤ በመላው ዓለም የተበተኑ ፈቃደኛ ሠራተኞች በቅድሚያ ተወያይተው ለመግባባት ይሞክራሉ፣ ካልሆነላቸው በ1998 ባጸደቁት ሕገ ደንብ መሠረት አማራጮቹን በቅደም ተከተል እየደረደሩ ድምፅ ይሰጣሉ። እንደ ዕድር ስብሰባ ሁሉ እዚህም ዝም ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቷል ማለት አይደለም።

ለዚህ የዋይፋይ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። የብዙ ላፕቶፖች ዋይፋይ ካርድ ያለ ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱን ራሱን ከሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ፕሮግራም ውጭ፣ አይሠራም፤ ፈርምዌሩ ደግሞ ምንጭ ኮዱ ክፍት ስላልሆነ ከፕሮጀክቱ የነጻነት መርሕ ጋር አይሄድም ተብሎ ለብዙ ዓመታት ከይፋዊው መጫኛ ውጭ ቆይቷል። ፈርምዌር ያለበት ሌላ መጫኛ ይፋዊ ባይሆንም ነበረ፤ ሆኖም መኖሩን የማያውቅ ሰው ይፋዊውን ጭኖ፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ፈርምዌር፣ ፈርምዌር ለማግኘት ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ላፕቶፕ ታቅፎ ይቀር ነበር። ክርክሩ በ2022 ወደ ድምፅ ቀረበ፤ ፕሮጀክቱ ለተጠቃሚዎቹ የገባውን ቃል የያዘውን ማኅበራዊ ውል የሚነካ ስለነበር ሦስት ለአንድ ብልጫ የሚጠይቀው ሐሳብ አለፈ፣ በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12ም ፈርምዌሩን ይዞ መጣ። በእኔ ግምት ውሳኔው ትክክል ነው፣ መዘግየቱ ግን አግባብ አልነበረም፤ የመዘግየቱን ዕዳ የከፈሉት ተከራካሪዎቹ ሳይሆኑ በክርክሩ ውስጥ ድምፅ የሌላቸው፣ ዳታ በጥንቃቄ የሚገዙ ተጠቃሚዎች ናቸውና።

መርሕ ሲጠብቅ መዘግየት አንድ ነገር ነው፣ ሳይግባቡ መወሰን ደግሞ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮምፒውተሩ ሲነሣ አገልግሎቶችን የሚያስጀምረው ፕሮግራም ሲስተምዲ ይሁን አይሁን በሚለው ላይ የቴክኒክ ኮሚቴው ድምፅ አራት ለአራት ተከፍሎ፣ የሰብሳቢው ድምፅ ወሳኝ ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ጉዳዩ ወደ ጠቅላላው አባል ሲመለስ ያሸነፈው አማራጭ፣ ነገሩ የጠቅላላ አባላት ውሳኔ አያስፈልገውም የሚል ነበር፤ ድምፅ ሰጥቶ ድምፅ መስጠት አያስፈልግም ማለት የሚያስቅ ቢመስልም ሰው በክርክሩ ምን ያህል እንደተሰላቸ ያሳያል። ያልተስማሙት ወገኖች ኮዱን ወስደው ዴቭዋን የሚባለውን ሥርዓት ለብቻው አቋቋሙ። ኮዱ ክፍት መሆኑ አኩራፊው መውጫ እንዲያገኝ፣ የቀረውም ሥራው እንዳይቆምበት አድርጓል፤ ግን የሰለጠነ የሰው ጉልበት ለሁለት ተከፍሏል።

ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ በኋላ እጃችን የሚገባው ዕቃ የረጋ ነው። የፕሮግራሞቹ እትም ቆየት ያለ ነው፤ አዲስ ነገር የሚወድ ሰው ይሰለቻል፣ ቀኑን ሙሉ ለሚያትም ሱቅ ግን ዛሬ የሠራው ነገም እንዲሠራ ከማድረግ የሚበልጥ ጥቅም የለም። ለጽሕፈት ሱቆች ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ፎቶሾፕ ላይ ለሚውል ፎቶ ቤት ግን አልመክርም። በነሐሴ 2025 ወደ ወጣው ዴቢያን 13 ለመሸጋገር የሚያስቡም በቅድሚያ ማሽናቸውን ይፈትሹ፤ አዲሱ እትም ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች መጫኛ ስለሌለው፣ በየሱቁ ያሉት የድሮ 32 ቢት ፔንቲየሞች እዚሁ 12 ላይ መቆየት ግድ ይላቸዋል።